መብራት ሲመለስ

ሐበሻ ቮይስሜይል ላይ መልእክት አይተውም። ደውሎ ካልተነሣለት ይዘጋል። ስሙ ስልኩ ላይ ታይቷል፤ ደወሉ ራሱ መልእክት ነው፤ መልሶ ያልደወለ ሰው በሚቀጥለው ክርስትና ላይ ተይዞ ይጠየቃል። አሜሪካዊ ባልደረባዬ «መልእክት ትቼለታለሁ» ካለ ጉዳዩን ጨርሶ ቡናውን ይጠጣል። እኛ ዘንድ ጉዳይ የሚያልቀው ሰውየው ሲገኝ ነው።

ትልልቆቹ ግን ይተዋሉ። በእንግሊዝኛ የምትናገረዋን ሴትዮ እስክትጨርስ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ሰው ሲናገር አይቋረጥማ። «ቢፕ» ሲል ተራቸው መሆኑ ይገባቸዋል። «እንደምን አደርክ ልጄ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትህስ ከአገር ቤት ትደውላለች? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔማ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ሐኪሙ…» ማሽኑ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። «አሁን የደወልኩልህ ለምን መሰለህ» ሲሉ ይቆረጣል። ደግመው ይደውላሉ። አዲስ ጥሪ ነውና ሰላምታው ከሀ ይጀምራል። አንዲት እናት እንዲያውም የራሳቸውን ጉዳይ ትተው «ይቺን ልጅ ደጋግሜ ሰላም ብላት መልስ የላትም፤ ምን አስቀየምኳት?» ብለው በሴትዮዋ ላይ ስሞታ አስቀርጸው ነበር። (ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ የዘጠኝ ደቂቃ ድምፅ እየቀረጸ የሚልከውም ይኸው ሕዝብ ነው። ለዚህ መልስ የለኝም።)

ይህን ሁሉ የማውቀው ሲያትል ውስጥ፣ ሬኒየር ጎዳና ላይ፣ ለመጤው ሕዝብ ቅጽ በምትሞላ አንዲት ትንሽ መሥሪያ ቤት ስለሠራሁ ነው። የዜግነት ቅጽ፣ የቤት ኪራይ ድጋፍ ቅጽ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የታክሲ ፈቃድ፤ መንግሥት ቅጽ ባወጣ ቁጥር የእኛ ስልክ ይጮኻል። ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ግን የተጨናነቀ ፕሪንተር ከፍቶ ወረቀት ያወጣ ሰው በትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኮምፒውተር አዋቂ» ነው፤ ሹመቱም አይሻርም። የስልክ መልእክት መቀበያው ማሽን በእኔ እጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ማሽኑ የሚኖረው መወልወያው፣ የገና ዛፉና የድሮ ፋይሎች በሚቀመጡበት ጓዳ ነበር። ለሚያየው ተራ ኮምፒውተር ነው። ከጀርባው ግን የስልክ መስመር የሚሰካባቸው ካርዶች አሉት፤ ከቢሮው የስልክ ማዞሪያ አራት ሽቦ ይገባበታል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አራት ሰው ያናግራል። የአንዳችን ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ካልተነሣ ማዞሪያው ጥሪውን ወደ ጓዳው ይመራዋል፣ የማን ስልክ እንደነበረም ሹክ ይለዋል። ማሽኑ የዚያን ሰው ሰላምታ ያሰማል፣ የደዋዩን ድምፅ ይቀርጻል፣ ከዚያ በባለቤቱ ስልክ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ያበራል። አንዲት ባልደረባችን ይህችን ቀይ መብራት በፕላስተር ሸፍና በሰላም ትኖር ነበር። መብራቷ ጠፍታ አታውቅም፤ ፕላስተሩም አይላቀቅም።

ሲያትል ሲባል ሰው የሚያስበው ቦይንግን፣ ስታርባክስንና ዝናቡን ነው። የቢሮ ቮይስሜይልም ግን በከፊል የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ጎርደን ማቲውስ የሚባል የቴክሳስ ሰው በ1979 (ቁጥሩ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው) የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ በ1983 ተፈቀደለት። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ግዙፍም ውድም ነበሩ፤ ትልቅ ኩባንያ እንጂ ሌላው አይደፍራቸውም። በዚያው በ1983 ሲያትል ውስጥ አክቲቭ ቮይስ የሚባል ኩባንያ ተመሠረተ፤ የመልእክት መቀበያውን ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው። ያኔ የጥርስ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ጎማ ሻጩም «ለእንግሊዝኛ 1ን ይጫኑ» ማለት ጀመሩ። ኩባንያው በኋላ ዩኒቲ የተባለውን ሥርዓት ሠራ፤ በ2000 ማብቂያ ላይ ሲስኮ እስከ 266 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ አክሲዮን ሊገዛው ተስማማ። ያን ጊዜ ያን ያህል ዋጋ የወጣለት ነገር፣ «ደውዬ ነበር፣ ደውልልኝ» የሚለው ድምፅ የሚጠራቀምበት ሣጥን ነው። ኋላ ደግሞ ዘመኑ ተገለበጠ። ኮካ ኮላ በ2014 አትላንታ ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ቮይስሜይልን ዘጋ፣ ጄፒ ሞርጋንም በዓመቱ ብዙ ሠራተኞቹን ከዚህ ቀይ መብራት ገላገላቸው። እኛ ሐበሾች ግን ገና ሲጀመርም አልተጠቀምንበትምና በዚህ ጉዳይ ከዓለም ቀድመናል።

ወደ ጓዳችን ልመለስ። የድሮው ዓይነት ማሽን ድምፁን በገዛ ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ ከማንም ሳይደርስ ይኖር ነበር። የመጣው ጣጣ «ድምፁም ከኢሜይሉ ጋር ይግባ፣ ሰው ሁሉንም ባንድ ቦታ ያግኘው» ሲባል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ድምፁን በኢሜይል ሣጥናችን ለማስቀመጥ ማሽኑ ኔትዎርኩ ውስጥ መግባት አለበት። ለመግባት ደግሞ እንደማንኛችንም ዩዘርኔምና ፓስወርድ ያስፈልገዋል። ባጭሩ፣ ማሽኑ መቀጠር ነበረበት።

ኮምፒውተራችንን በርቀት የሚያስተዳድርልን ድርጅት ቅጽ ላከ። ሌላውን ሁሉ ሞላሁ፤ ሁለት መስመር ግን ባዶ አይታለፍም አለ፤ ስምና የመጨረሻ ስም። የቦርድ አባላችን የሆኑ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ የሠሩ፣ በጡረታቸው ሲያትል የመጡ፣ ክራቫት ሳያስሩ ስልክ የማያነሡ ሰው። ቅጹን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስም?»

«ማሽን ነው እኮ ጋሼ። ቮይስሜይል ብለን እንጻፈው።»

«አባቱስ?»

«አባት የለውም።»

«አባት የሌለው ሰው በዚህ ቢሮ ውስጥ አይቀጠርም» አሉና እስክሪብቶዬን ወስደው በሚያምር የቴሌ የእጅ ጽሑፍ ሞሉት። ስም፣ ድምፁ። የመጨረሻ ስም፣ ተሰማ።

ማሽኑ ይህን ስም ካገኘ በኋላ ኑሮ ነበረው። የሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የጉንፋን ክትባት እንዲወስድ ኢሜይል ይደርሰዋል። የዓመት ፈቃዱን ሳይጠቀም መጠራቀሙ ተነግሮታል። ለምስጋና ቀን ግብዣ ምን ምግብ ይዞ እንደሚመጣ ተጠይቆ መልስ ባለመስጠቱ አንድ ቅያሜ ቢጤም ተፈጥሮ ነበር። ሥርዓቱ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ስሙን በገዛ ድምፁ እንዲቀርጽ ይጠይቃል፤ ጋሼ ክራቫታቸውን አስተካክለው ቀረጹለት። ከዚያ በኋላ የሚፈልጉትን ሰው በስም መርጠው የሚደውሉ ሁሉ እሱ ላይ መውደቅ ጀመሩ። የመጨረሻ ስሙን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት መጫን ነው ደንቡ፤ ባልደረባችንን ተስፋዬን የሚፈልግ 8-3-7 ይጫናል፤ ተሰማም ያው 8-3-7 ነው። ስለዚህ ደዋዩ ተስፋዬን ፍለጋ ገብቶ፣ ረጋ ባለ የሽማግሌ ድምፅ «ድምፁ ተሰማ» የሚል ይሰማል፤ ብዙ ሰው አሳማኝ ሆኖ ስላገኘው 1ን ይጫናል።

እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው። የሲያትል ችግር ዛፏ ነው። መቶ ዓመት የቆመ ጥድ በአንድ የኅዳር ንፋስ ሽቦ ላይ ይጋደማል፣ ሰፈሩም ይጨልማል። አሜሪካዊው በዚያች ሰዓት ዓለም ያለቀች ይመስለዋል። እኛ ግን «መብራት ሄደ» ብለን ሻማ እንፈልጋለን፣ ጨዋታም እንጀምራለን። መብራት ሲሄድ ማሽኑም እኛም እናርፋለን። ጣጣ የሚመጣው መብራት ሲመለስ ነው።

ማሽኑ መብራት ሲመለስለት በራሱ ተነሥቶ ሥራ እንዲጀምር ሦስት በር ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው መብራቱ ራሱ ነው፤ ብዙ ኮምፒውተር ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ «ጠፍቼ ነበር፣ ጠፍቼ ልቆይ» ብሎ ይቀመጣል። ይህን የሚቀይረው ገና ሲበራ በሚገኘው፣ ሰማያዊ ገጽ ባለው የባዮስ ማስተካከያ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። ሁለተኛው በር ዊንዶውስ ነው። ሦስተኛው መልእክት የሚቀበለው ፕሮግራም ነው፤ የእኛው ያረጀ ስለነበር አንድ ሰው ስሙንና ፓስወርዱን ሰጥቶ እስካልገባ ድረስ ከእንቅልፉ አይነቃም። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ማንም ሳይገባ ከበስተጀርባ መሥራት ይችላል፤ በእርዳታ የተገኘ ማሽን ግን አይመረጥም።

ስለዚህ መብራት ቅዳሜ ሌሊት ጠፍቶ ከተመለሰ፣ አቶ ድምፁ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ በጨለማ ጓዳ ውስጥ «ለመግባት ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን ይጫኑ» የሚል ስክሪን አብርቶ ይቆማል። ደዋዩ የሚሰማው ማለቂያ የሌለው ጥሪ ነው። ጌትየው ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ሲተኛ ዘበኛው ከግቢ ውጭ ተቆልፎበት የሚያድርበት ቤት ማለት ይህ ነው።

ስለነዚያ ሦስት ቁልፎች አንድ ነገር ልበል፤ ታሪካቸው ደስ ይላል። አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተር ሲሠራ ዴቪድ ብራድሊ የተባለው መሐንዲስ ፈጠራቸው፤ የተጣበቀ ማሽንን ሳያጠፉ ለማስነሣት ነበር። ሦስት የሆኑት ሰው ሳያስበው እንዳይነካቸው ነው። በኋላ ማይክሮሶፍት በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲን ሲያወጣ እነዚያኑ ቁልፎች የመግቢያ ደጅ አደረጋቸው። ምክንያቱ ብልህ ነው። ሌባ የመግቢያውን ገጽ የሚመስል የሐሰት ገጽ ሠርቶ ፓስወርድ ሊሰርቅ ይችላል፤ እነዚህን ሦስት ቁልፎች ግን ከዊንዶውስ በቀር ሌላ ፕሮግራም ሊቀበላቸው አይችልም። የአይቢኤም ኮምፒውተር ሃያኛ ዓመት በ2001 ሲከበር ብራድሊ፣ ቢል ጌትስ በተቀመጠበት፣ እኔ ፈጠርኩት እንጂ ዝነኛ ያደረገው ቢል ነው ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ጌትስ እዚያ ብዙም አልሳቀም። በ2013 ግን ሃርቫርድ ላይ ተጠይቆ ነገሩ ስሕተት እንደነበር፣ አንድ ቁልፍ ይበቃ እንደነበር፣ የአይቢኤሙ የኪቦርድ ሠሪ ግን አልሰጠንም ብሎ አረፈው። ቁልፎቹ የመግቢያ ደጅ እንዲሆኑ የተወሰነው ከእኛ ጓዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሐይቁ ማዶ ሬድመንድ ውስጥ ነው፤ የእኛ ዘበኛ ግን ሦስት ቁልፍ የሚጫንበት ጣት የለውም።

መድኃኒቱ አለ። ዊንዶውስ ሬጂስትሪ በሚባለው የቅንብር መዝገቡ ውስጥ ዊንሎጎን የሚል ክፍል አለው። እዚያ «ኦቶ አድሚን ሎጎን» የሚለውን 1 ማድረግ፣ ከሥሩ የተጠቃሚውን ስምና የኔትዎርኩን ስም መጻፍ፣ ከዚያ ፓስወርዱን መጻፍ። አለቀ። ማሽኑ ሲነሣ ማንንም ሳይጠብቅ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል። ሰው መሃል ገብቶ ማስቆም ከፈለገ ሲነሣ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው። ፓስወርዱን ባዶ ከተዉት ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ 1ን ወደ 0 ይመልሰዋል፤ ያለ ቁልፍ በር አልከፍትም ማለቱ ነው፤ በዚህ አከብረዋለሁ።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ፓስወርዱ እዚያ መዝገብ ላይ የሚጻፈው እንዴት ሆኖ ነው?»

«እንዳለ።»

«እንዳለ ማለት በግልጽ?»

«በግልጽ።»

«ታዲያ መዝገቡን የገለጠ ሁሉ ያነበዋላ!»

ያነበዋል። ጋሼ ቴሌ ሲሠሩ የሰው ሚስጥር በጆሯቸው ያለፈ ሰው ናቸውና በቀላሉ አልተዋጠላቸውም። እኔም እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ነኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የኃላፊ ኮምፒውተር በራሱ እንዲገባ ማድረግ እብደት ነው። ነገር ግን በተቆለፈ ጓዳ ውስጥ ላለ፣ አንድ ሥራ ብቻ ለሚሠራ ማሽን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋናው ነገር ለአቶ ድምፁ ከሥራው በላይ ሥልጣን አለመስጠት ነው። ድምፅ ያስገባል እንጂ የደሞዝ ፋይል አያይም፤ ከጓዳው ማሽን በቀር በሌላ ኮምፒውተር መግባት አይችልም። አንድ ተጨማሪ ዘዴም አለ፤ ልክ እንደገባ ስክሪኑን ወዲያው የምትቆልፍ አጭር ትእዛዝ ማስነሻው ላይ ማስቀመጥ። ገብቶ ከውስጥ ይቀረቅራል፣ ፕሮግራሙ ከተቀረቀረው በር በስተጀርባ ይሠራል፣ ጓዳውን ለመወልወያ የከፈተ ሰው የሚያየው የተዘጋ ስክሪን ነው። ፓስወርዱን በግልጽ ከማስቀመጥ ይልቅ መሥጥሮ የሚያስቀምጥ «ኦቶሎጎን» የምትባል የሲስኢንተርናልስ ነፃ ፕሮግራምም አለች፤ እሷም ብትሆን በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ካለው ሰው አትሰውርም። ጋሼ የጓዳውን በር ቁልፍ ራሳቸው ገዝተው መጡ። ከዚያ ፈረሙ።

እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ነገር ለምን እንደሚበላሽ የሚያውቀው ከሰው ጋር የሠራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸው በሒሳብ ክፍል ነው። የክፍሉ ልጅ የራሷ ኮምፒውተር ሲጣበቅባት ወደ ጓዳው ገብታ፣ በአቶ ድምፁ ማሽን ላይ በራሷ ስም ገብታ፣ አንድ ወረቀት አትማ ወጣች። ማንንም አልበደለችም። ዊንዶውስ ግን መጨረሻ የገባውን ሰው ስም በዚያው መዝገብ ላይ ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሲነሣ በሷ ስምና በአቶ ድምፁ ፓስወርድ ለመግባት ሞከረ፤ ስምና ፓስወርድ አይገናኙም ተባለ፣ ቆመ። ይህን እስክንደርስበት ድረስ ልጅቷ «ማን ነው በስሜ ሊገባ የሚሞክር?» እያለች ቢሮውን ስትጠራጠር ከረመች።

ሁለተኛው ፓስወርድ በየ90 ቀኑ ይቀየር የሚለው ሕግ ነው። ሰው ማስጠንቀቂያ ሲመጣለት እያጉረመረመ መጨረሻ ላይ ያለውን 3 ወደ 4 ይቀይርና ያልፋል። አቶ ድምፁ ማጉረምረምም መቀየርም አይችልም። ይህን መሰል ምክር በ2003 ያረቀቀው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባለሙያ ቢል በር ከጡረታው በኋላ፣ በ2017፣ ባሳተምኩት እጸጸታለሁ ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ፤ ተቋሙም ያንኑ ዓመት ያለ ምክንያት አታስቀይሩ ብሎ ምክሩን ለወጠ። እኛ ግን ያኔ ገና ንስሐው አልደረሰንም ነበር። የርቀቱ ድርጅት ለአንድ ሠራተኛ የተለየ ሕግ አናወጣም ብሎ ተከራከረን፤ ሠራተኛው ሰው አለመሆኑን ለማስረዳት የተጻጻፍነው ኢሜይል ራሱን የቻለ ፋይል ሆነ።

ሦስተኛው ግን ይበልጣል። ያ ድርጅት ለሁሉም ሠራተኛ የኮምፒውተር ጥንቃቄ ሥልጠና አዘጋጀ፤ ያልወሰደ አካውንቱ ይታገዳል። አቶ ድምፁ ማሳሰቢያ መጣለት። ዳግመኛ መጣለት። የመጨረሻው ማሳሰቢያ ቅጂ ለአለቃው ተላከ፤ አለቃው ቅጹ ላይ የፈረሙት ጋሼ ናቸው። ሰውየው ታገደ፣ ቢሮው ደንቆሮ ሆነ። ጋሼ በማግስቱ ክራቫታቸውን አስረው መጥተው፣ ጓዳው ውስጥ መወልወያው አጠገብ ወንበር ስበው፣ በአቶ ድምፁ ስም ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወሰዱለት። አንድ ጥያቄ ብቻ ተሳሳቱ። «ፓስወርድዎን ሌላ ሰው ያውቀዋል?» ለሚለው አዎ ብለው መለሱ፤ እውነተኛ ሰው ናቸው።

ከዚያ ያ ንፋስ መጣ። ሐሙስ ዲሴምበር 14 ቀን 2006 ማታ ነበር፤ የገና ጾም። የሲያትል ሰው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ የአየር ትንበያው ቢሮ ስም አውጡለት ብሎ ሕዝቡን አወዳድሮ በአይሁድ በዓል ዋዜማ ስም ሰይሞታል። በምዕራብ ዋሽንግተን ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የቤትና የድርጅት መስመር ጨለመ። አንዳንዱ ሰፈር በማግስቱ በራ፣ አንዳንዱ ከሳምንት በላይ ቆየ። ብርዱ ጠንከር ሲል ሰው ከሰልና ጄኔሬተር ወደ ቤት አስገባ። በመቶ የሚቆጠር ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ ታሞ ሆስፒታል ሄደ፣ የሞቱም አሉ፤ ብዙዎቹ እንደ እኛው መጤዎች ነበሩ። በአገሩ የቤቱ ክዳን የሚተነፍስ ሰው፣ አሜሪካ የሠራችለት ቤት አፍና እንደምትይዘው ማን ነግሮት ያውቃል?

የቢሯችን ሰፈር መብራት የተመለሰው ሌሊት ነው። ማንም አልነበረም። ባዮሱ ማሽኑን አስነሣ፣ ዊንዶውስ ፓስወርዱን አነበበ፣ አቶ ድምፁ ገባ፣ ስክሪኑ ተቆለፈ፣ ፕሮግራሙ ተነሣ። ጋሼ በጨለማ ቤታቸው ያቺን ገመድ ያላትን የድሮ ስልካቸውን አነሡ። የእሷ ዓይነቷ ኃይሏን የምታገኘው ከስልክ ኩባንያው በመዳብ ሽቦ ነውና የቤት መብራት ቢሄድም ትሠራለች፤ ገመድ አልባዎቹ ግን ያን ሳምንት ጌጥ ሆነው ከርመዋል። የጋሼም ሰፈር ገና አልበራም ነበር። ደውለው፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን አስገብተው፣ የቢሮውን ሰላምታ ቀየሩት። «ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። ለማሞቂያም፣ ለወጥም፣ ለቡናም። ቡና ቢቀር አይሞትም።» ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገሙት፤ ሱማሌኛውን አንዲት ባልደረባችን በማግስቱ ጨመረችበት። አራቱም መስመር ያን ሌሊት ስንቴ እንደተያዘ የሚያሳየው መዝገብ ረጅም ነበር፤ አብዛኛው ደዋይ፣ እንደ ልማዱ፣ ሰላምታውን ሰምቶ ምንም ሳይል ዘግቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

መልእክት ከተዉት ጥቂቶች አንዱ የመረዳጃ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ተስፋዬን ፈልገው 8-3-7 ጭነው ነው የገቡት።

«አቶ ድምፁ፣ እንደምን ነዎት? በአካል አንተዋወቅም። በዚህ ሁሉ ማዕበል፣ በዚህ ሌሊት፣ ስልክ ያነሡልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ከሰሉ የተናገሩትን ለጎረቤት ሁሉ ነግሬያለሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ደግሞ በባትሪ መዝገቤን አየሁት፤ የማኅበራችን አባል አይደሉም። ይህ ልክ አይደለም አቶ ድምፁ፤ ክፉ አይንካዎ እንጂ ሰው አገር ላይ ያለ ወገን እንዴት ይኖራል? ሰኞ ቅጹን ይዤ እመጣለሁ።»

መጡም። ሰኞ ጠዋት ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው አቶ ድምፁ ተሰማን ጠየቁ። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። ጋሼ ፊታቸውን ሳያጥፉ «ሌሊት ፈረቃ ነው፣ ቀን አያገኙትም» አሉ። ገንዘብ ያዡ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ የሚስትና የወራሽ ስም የሚለው መስመር ባዶ እንዳይቀር አደራ አሉ፣ የመጀመሪያውንም ወር መዋጮ ከጋሼ ተቀብለው ደረሰኝ ቆርጠው ሄዱ።